የሠራነው እርከን ለምን ይፈርሳል? የጉማራ ራስጌና ግርጌ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደቡብ ጎንደር ውስጥ ከጉና ተራራ እግር ሥር ካለች ቀበሌ ነኝ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ አባቴ ገበሬ ነው። የእኛ አካባቢ ውሃ ወደ ጉማራ ወንዝ ይወርዳል። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ እርከን ይሠራል። መስከረም ላይ ስናየው ግማሹ የለም። አምና አባቴ ራሱ ሁለት መስመር እርከን አርሶ አፈረሰና ተቀጣ። እኔም አፈርኩ። ታች ፎገራ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ‹እናንተ በምትለቁት ደለል አለቅን› ይሉናል። እውነት የላይና የታች ሰው ተባብሮ ይህን ወንዝ ማዳን ይችላል? ከተቻለስ ከየት ይጀመራል?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ በአባትህ አትፈር። በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ላይ ስቆይ እርከን ያፈረሰ ገበሬ ብዙ አጋጥሞኛል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ለምን?» ስለው በቂ ምክንያት ያጣ አንድም ሰው አላየሁም። አንዱ «በሬ ማዞሪያ አጣሁ» ይላል። ሌላው «አይጥ መሸገበት» ይላል። ብዙዎቹ ግን የሚሉት «ውሃ አቆረና ከላይ ተበጥሶ ማሳዬን ለሁለት ሰነጠቀው» ነው። አባትህን ቀጡት እንጂ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ ከዚያው ከአባትህ ማሳ እንጀምር።

የጉና አካባቢ ዝናባማ ነው። ደብረ ታቦር ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። ዝናብ በሚያጥርበት አገር፣ ለምሳሌ በትግራይና በሰሜን ወሎ ቆላማ ቦታዎች፣ እርከን ልክ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ሆኖ ቢሠራ ደግ ነው። እዚያ የሚፈለገው ጠብታዋን ሁሉ ይዞ መሬት ውስጥ ማስረግ ነው። የእናንተ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ሐምሌ ላይ መሬቱ ጠጥቶ ይጠግባል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ሁሉ መሄጃ ይፈልጋል። ሜዳ ሆኖ የተሠራ እርከን ውሃውን እንደ ገንዳ ያቁረዋል። ሰብሉ ይቢጫል። አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ሲመጣ ደካማዋ ቦታ ትበጠሳለች። የላይኛው ሲበጠስ ውሃው በአንድ ጊዜ የታችኛው ላይ ይወርዳል፣ የታችኛውም ይሄዳል፣ እንዲህ እያለ እስከ ፈፋው ይደርሳል። እንዲህ ያለ እርከን ባይሠራ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ለእናንተ ቦታ እርከን ትንሽ ተዳፋት ሊሰጠው ይገባል። በ10 ሜትር ርዝመት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይበቃዋል። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል፣ አፈሩ ግን ይቀራል። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው። ወደ ጎን የሄደው ውሃ የት ይገባል? ጥርጊያ የውሃ መውረጃ ያስፈልገዋል። መውረጃው ከእርከኑ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ ተቆፍሮ፣ ሣር ለብሶ፣ ሥር ይዞ መጠበቅ አለበት። ከላይ ደግሞ ከተራራው የሚመጣውን የሚቀለብስ ቦይ ያስፈልጋል። አሁን ልጠይቅህ፦ ያ መውረጃ በማን ማሳ ውስጥ ነው የሚያልፈው?

የተፋሰስ ሥራ፣ ማለትም ውሃው ወደ አንድ ፈፋ በሚወርድ መሬት ሁሉ ላይ የሚሠራው፣ የሚወድቀው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ሺህ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ በየዓመቱ እያየነው ነው። ከባዱ አንድ ገበሬን «ከቃዳህ (ከሩብ ሄክታርህ) ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ለጎረቤቶችህ ውሃ መተላለፊያ ስጥ» ብሎ ማግባባት ነው። ዘመቻ ቀኑን የሚቆጥረው በተቆፈረ ኪሎ ሜትር ነው። የውሃ መውረጃ ድርድር በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፣ ሪፖርት ላይም አያምርም። ስለዚህ ይዘለላል። እናንተ ጋ ፈሰስ የምትሉት ጥንታዊው የውሃ ማፍሰሻ ቦይም በሽታው ያው ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ፈሰሱን ከማሳው ያወጣና ድንበር ላይ ይለቀዋል። ድንበሩ ማንም የማይጠብቀው ስለሆነ ይቦረቦራል። ዛሬ በሁለት ሰው ማሳ መካከል የምታየው ሰው የሚውጥ ቦረቦር ትናንት አንዲት ፈሰስ የምታልፍበት ድንበር ነበር። አንዳንዱን ቦረቦር ሽማግሌዎች «ልጅ ሆነን ዘለን እናልፈው ነበር» ይሉሃል።

ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር ልንገርህ። ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1973 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጀመረ። በተለያዩ የአገሪቱ ደጋዎች ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ማይባር፣ አንዲት ጥድ፣ አንጀኒ የሚባሉት ከዚያ ናቸው። በእነዚያ መረጃዎች ላይ ተመሥርቶ ሃንስ ሁርኒ የተባለው ተመራማሪ በደጋው የታረሰ መሬት ከአንድ ሄክታር በዓመት በአማካይ 42 ቶን ያህል አፈር ይታጠባል ብሎ ገመተ። በእናንተ መለኪያ ይህ ከአንድ ቃዳ 10 ቶን ያህል ነው። አንድ አይሱዙ 5 ቶን ይጭናል ብለን እናስብ። ከአባትህ ከእያንዳንዷ ቃዳ በየክረምቱ ሁለት አይሱዙ አፈር ተጭኖ ይሄዳል ማለት ነው። በውፍረት ስታየው ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ዓይን አያስተውለውም። በ30 ዓመት ግን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አባትህ ወጣት ሳለ ማረሻው ይገለብጠው የነበረው አፈር ዛሬ እዚያ የለም። ድንጋዩ «በቅሎ» አይደለም፤ አፈሩ ሄዶ ነው ብቅ ያለው።

ከእነዚህ ጣቢያዎች አንጀኒ ልብ ልትለው የሚገባ ነው። ጎጃም ውስጥ ደምበጫ አጠገብ ነው። ተፋሰሱ ትንሽ ነው፣ 113 ሄክታር ብቻ። በ1978 ዓ.ም. ፋንያ ጁ በሚባለው፣ አፈሩ ወደ ላይ በሚጣልበት እርከን ተሸፈነ። ተዳፋት ተሰጥቶት ነው የተሠራው። ጊዜ ሲያልፍ እርከኑ ከኋላው አፈር እየያዘ ማሳውን ደረጃ ደረጃ አደረገው። ይህን የምነግርህ «የውጭ አገር ሰዎች ሠሩት» ለማለት አይደለም። አንድ ሙሉ ተፋሰስ ከላይ እስከ ታች በአንድነት ሲታሰብ፣ ውሃውም መሄጃ ሲኖረው እርከን ዕድሜ እንዳለው ለማሳየት ነው። እዚያም ቢሆን ገበሬው ውሃ ስለሚተኛበት ቦታ ይማረር ነበር። ዝናባማ አገር ላይ ይህ ቅሬታ ሁልጊዜ አለ፣ ሁልጊዜም ሊሰማ ይገባል።

ታዲያ ተባብሮ ለመሥራት ልኩ ምንድን ነው? ቀበሌ አይደለም። ወንዝ የቀበሌ ድንበር አያውቅም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማኅበረሰብ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ያለውን ተፋሰስ ነው እንደ አንድ ሥራ የሚወስደው። ይህ ጥሩ ልክ ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ ያሉ ሰዎች በስም ይተዋወቃሉ። አንድ ምንጭ ይጠጣሉ፣ ምናልባትም አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። የማን በሬ የማን ማሳ ውስጥ እንደገባ በዚያው ቀን ይታወቃል። በኋላም የተፋሰስ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኝበት አዋጅ በፌዴራል ደረጃ ወጥቷል። ይህ ማለት በአንድ ፈፋ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ደንብ ጽፈው፣ ከተከለለ መሬት ላይ የሚገኘውን ሣርና እንጨት በራሳቸው ስም ማከፋፈል ይችላሉ ማለት ነው። ወረዳችሁ ግብርና ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። ጥያቄውን የሚያቀርበው ሰው ከጠፋ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው።

መውረጃው በማሳው የሚያልፍበት ገበሬስ ምን ያገኛል? በሠራሁበት አንድ ቦታ ለሁለት ዓመት ያህል የተጨቃጨቅነው በዚህ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ያገኙት መፍትሔ ከእኛ ከባለሙያዎቹ የተሻለ ሆነ። የመውረጃው ሣር የዚያ ገበሬ ብቻ ይሁን አሉ። ሌላ ሰው አንዲት እፍኝ አያጭድበትም። ቦዩን የሚጠግኑት ደግሞ ውሃቸውን የሚለቁበት ጎረቤቶች ናቸው፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ በወንፈል ይወጣሉ። ያልመጣ ሰው ለሰንበቴው ጠላ የሚሆን ብቅል ያመጣል። ይህን ደንብ በቃለ ጉባኤ ጻፉትና በዕድሩ መዝገብ ውስጥ አስቀመጡት። ብር ቢቀጣ ሰው ይከፍልና ይረሳል። በሰንበቴ ፊት ብቅል ማምጣት ግን ያሳፍራል። ከዚያ በኋላ ቦዩ ሲደፈን አላየሁም።

ቀጥሎ ያለው ልቅ ግጦሽ ነው። እርከናችሁ በክረምት ጎርፍ ብቻ የፈረሰ እንዳይመስልህ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አዝመራ ሲነሳ ማሳው ሁሉ ለከብት ክፍት ይሆናል። ገና ያልጠነከረ የአፈር እርከን ላይ አንድ መንጋ በቀን ሁለት ጊዜ ሲመላለስ አስበው። በጥር የተገነባው በሚያዝያ ተንዶ ግማሽ ሆኖ ነው ዝናብ የሚቀበለው። የተተከለው ሣርም በጥርስ ያልቃል።

ይህን በትእዛዝ መከልከል ቀላል ይመስላል። ግን አንዲት ሴት አስብ። ባሏ ሞቶባታል፣ መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች፣ ያላት ሁለት በግ ነው። በጎቿ የሚበሉት ሰው ሁሉ በሚያሰማራበት ሜዳ ላይ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል፣ አጭደሽ አብዪ» ስትላት የምታጭደው የራሷ ማሳ ዳር የለም። በግ ትሸጣለች። ሀብታሙ ገበሬ ግን አሥር እርከን ስላለው ሣር ሞልቶለታል። እንዲህ ያለ ክልከላ ፍትሐዊ አይደለም፣ ደግሞም አይጸናም። በሌሊት ከብት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከተከለለው መሬት የሚታጨደው ሣር ሲከፋፈል የመጀመሪያው ድርሻ መሬት ለሌላቸውና ለእንደዚህ ያሉ ሴቶች ይሁን። ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ደግሞ በተከለለው መሬት ውስጥ ዘመናዊ ቀፎ ያኑሩ። ንብ ያለው ሰው ከብት እንዳይገባ ራሱ ዘበኛ ይሆናል።

ሁሉንም ግጦሽ በአንድ ዓመት ለመዝጋት አትሞክሩ። አንድ ጎን ዝጉ። እርከኑ ላይ ደሾ ሣር ወይም ዝሆኔ ሣር ትከሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሣሩን በሸክም ወስዶ በግ አደልቦ ለፋሲካ የሸጠ ሰው ሲታይ፣ ሌላው ጎን በራሱ ጊዜ ይመጣል። እርከን ከመሬቱ 10 በመቶ ያህል ይወስዳል። ገበሬው ይህን ያጣውን መሬት በሣር መልክ መልሶ ካላየው፣ እርከኑን የራሱ ሊያደርገው አይችልም። አባትህን ጠይቀው፤ ባረሰው እርከን ላይ የበቀለ ሣር ነበር? የማን ከብት ነበር የሚበላው?

አገራችን ይህን ዓይነት ስምምነት የማታውቅ እንዳትመስልህ። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ደጋ አለ። ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ጓሳ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ በተራ ይከፈታል። ተከፍቶ ከብት ከገባበት፣ ሣር ከታጨደበት በኋላ ክረምቱ ሲበረታ፣ በሐዋርያት ጾም ፍች ሐምሌ 5 ቀን መልሶ ይዘጋል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮው ሥርዓት ፈረሰ። ሕዝቡ ግን በኋላ አዲስ ደንብና ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰው። ዛሬም ጓሳ የብዙ ወንዞች ራስ ነው። የእናንተም ጉና በማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታነት የተከለለ ነው። ድንችና ገብስ እያስከተለ ማረሻ ወደ ላይ መውጣቱን ካላቆመ ግን ክለላው ወረቀት ላይ ይቀራል። እዚያ ላይ የሚያርሰው ሰው ሌላ መሬት ስለሌለው ነው የወጣው። ከእሱ ጋር ሳይነጋገሩ ጉናን ማዳን አይቻልም።

አሁን ወደ ፎገራ ዘመዶቻችሁ እንውረድ።

ደለሉን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። ጉማራ ከጉና በቁልቁለት እየሮጠ መጥቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ድንገት ይደክማል። ውሃ ሲደክም የተሸከመውን ያስቀምጣል። የወንዙ ወለል በደለል ከፍ ይላል። ወለሉ ከፍ ሲል ወንዙ ዳሩን ለመዝለል ቀላል ይሆንለታል። ስለዚህ ዝናቡ ባይጨምርም ጎርፉ ይጨምራል። ጎረቤቱ የርብ ወንዝም እንደዚሁ ነው። የተረፈው ደለል ጣና ይገባል፤ ጉማራ ሐይቁ አፍ ላይ መሬት እየሠራ ወደ ውስጥ እየገፋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ላስተካክል። «አፈራችን ለግብፅ ሲሳይ ሆነ» እንላለን። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውም ከዚህ ጋር ይነሳል። ለጎጃም፣ ለወሎ፣ ለሸዋና ለወለጋ ገደሎች ይህ እውነት ነበር። ዓባይ ድንበር ሲሻገር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ይወጣ ነበር፤ የሱዳኑ ሮሴሪስ ግድብ ብዙ የመያዝ አቅሙን ያጣው በዚያ ነው። አሁን ያ ደለል መጀመሪያ የሚያርፈው በሕዳሴ ግድባችን ውስጥ ነው። በጉማራ የሚወርደው የጉና አፈር ግን ግብፅ አይደርስም። ጣና እንደ ማጥለያ ሆኖ ይይዘዋል። ከባሕር ዳር የሚወጣው ዓባይ ከሞላ ጎደል ጥርት ያለ ውሃ ነው። የአባትህ አፈር ያለው የአክስትህ ልጅ ሩዝ ማሳ ላይና ጣና ውስጥ ነው። ይህ ለእኔ ተስፋ ይሰጠኛል። የበደለውም የተበደለውም ሩቅ አይደለም። በአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ይገናኛሉ፣ በጋብቻም የተሳሰሩ ናቸው።

እምቦጭም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከታየ ወዲህ ስንት ሰው ሐይቅ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ በእጁ ነቀለ! ከየአገሩ የመጣ ወጣት ነበር። ያ ፍቅር መቼም አይረሳም። እምቦጭ የሚፋፋው ግን ከማሳ ታጥቦ በሚመጣ ምግብ ነው። ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ሐይቅ ገብቶ አረም ያበቅላል። እርከን ላይ የሚቀር አንድ ኩንታል አፈር ከእምቦጩ ቀለብ ላይ የተቀነሰ ነው። ታች መንቀሉ ይቀጥል፤ ግን ራስጌው ላይ የዚያን ሩብ ያህል ጉልበት ቢውል ብዙ ለውጥ ይመጣ ነበር።

የግርጌው ሰውም ከጥፋት ነፃ አይደለም። ይህን በፍቅር ነው የምለው። ሩዝ በደርግ ዘመን ፎገራ ከገባ ወዲህ የብዙ ቤት ኑሮ ተለውጧል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ተሸርሽረው አልቀዋል ማለት ይቻላል። እነሱ የክረምቱን ጎርፍ ተቀብለው የሚያሳድሩ ሰፍነጎች ነበሩ። የወንዙ ዳርም እስከ አፋፉ ታረሰ። በበጋ ለሽንኩርት በየመቶ ሜትሩ ሞተር ፓምፕ ተተክሎ ይስባል። አሸዋ የሚያወጡትም ዳሩን ይንዱታል። ስለዚህ ግርጌው ከራስጌው የሚጠይቀው ነገር ካለ፣ የራሱንም ይዞ ነው መቅረብ ያለበት፦ ከወንዙ አፋፍ ትንሽ ርቆ ማረስ፣ ዳሩን በሣርና በአገር በቀል ዛፍ መሸፈን፣ ፓምፕ በተራ መሳብ።

አንድ ጊዜ ከራስጌ ሽማግሌዎችን ይዘን ወደ ሜዳው ወርደን ነበር። ጥቅምት ነው፣ ጎርፉ ገና መሸሹ ነው። አንድ ገበሬ ደለል የተኛበትን ሩዙን አሳየን። ዘለላው ብቻ ብቅ ብሏል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ አሉና አፈሩን በእጃቸው አፈስ አድርገው አሹት። አሸተቱት። «ይሄ የእኛ ነው» አሉ። «ቀዩ አፈር ነው፤ ከቤቴ ራስጌ ያለው።» ባለ ሩዙ ገበሬ ሊቆጣ ይችል ነበር። ግን በሽማግሌው ዓይን ውስጥ እንባ ስላየ ዝም አለ። ከዚያ ቤቱ ወሰደን። የዚያን ቀን ጠላ ስንጠጣ የተነጋገርነውን ያህል በአሥር ስብሰባ አልተነጋገርንም። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ከሜዳው አሥራ ምናምን ሰው ዶማ ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ማንም አላዘዛቸውም።

ስለዚህ የራሳችሁን ፈፋ ከያዛችሁ በኋላ ሁለተኛው እርምጃችሁ ይህ ይሁን፤ ሄዳችሁ ተያዩ። ከዚያ በኋላ የሚሰጥና የሚቀበል ነገር አስቡ። ራስጌው መሬት ለእርከንና ለመውረጃ ሲሰጥ ጥቅሙን ግማሽ የሚወስደው ግርጌው ነው። በፓምፕ የሚያለሙ የሽንኩርት ገበሬዎች በየወቅቱ ትንሽ ቢያዋጡ፣ ለራስጌው የሣር ችግኝ፣ ለክትር (ቦረቦር ውስጥ ውሃ ለሚገታው ትንሽ ግድብ) የሚሆን ድንጋይ ማመላለሻ ወይም ለጥበቃ ሠራተኛ ደሞዝ ይሆናል። ለገንዘቡ የሁለቱም ወገን ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ይኑር፤ ሒሳቡም በአደባባይ ይነበብ። እዚህ ላይ ግልጽነት ከጎደለ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሁሉም ነገር ይበላሻል። አይቻለሁ።

ስለ ቦረቦር አንድ ነገር ልጨምርና ወደ አንተ ልመለስ። ድንጋይ ሞልቶ መድፈን አይሠራም። መጀመሪያ ከላይ የሚገባበትን ውሃ ቀንሱ። ከዚያ ክትር በየደረጃው ሥሩ። የታችኛው ክትር ጫፍ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን። መሐሉ ዝቅ ይበል፣ ሁለቱ ክንዶች ግድግዳው ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ይግቡ፤ አለበለዚያ ውሃው ዞሮ በጎኑ ይበላዋል። ከታች ረግረግ በሆነ ሜዳ ላይ ያለ ቦረቦር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ሲመጣ ግድግዳው ርሶ በራሱ ይናዳል። በባሕር ዳር አቅራቢያ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ይህን ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ውድ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ከመትከል በፊት ከብት ማገድና ሣርና ሰስባኒያ የሚባለውን ቁጥቋጦ ማልበስ ይቅደም።

ከየት ይጀመር ላልከው፣ አንተ አስተማሪ ስለሆንክ ዕድለኛ ነህ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ ይዘህ ከአባትህ ጋር ማሳው ላይ ቁም። ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚያቁር፣ የት እንደሚወጣ በእግርህ ተከተለው። እስከ ፈፋው ድረስ ሂድ። በሚያልፍበት ማሳ ሁሉ የባለቤቱን ስም ጻፍ። የምትሰበስባቸው ሰዎች ዝርዝር ያ ነው። መስመር ለመቀየስ ሁለት እኩል ዱላ፣ 10 ሜትር ሲባጎና ከግንበኛ የምትዋሰው ውሃ ልክ ይበቃሃል። ሲባጎውን በአንዱ ዱላ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ እሰረው፣ በሌላው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከዚያ ከፍ አድርገህ እሰር። ውሃ ልኩ መሐል ላይ ሲረጋ፣ ከፍ ተደርጎ የታሰረበት ዱላ የቆመበት መሬት 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ያንን ጫፍ ሁልጊዜ ወደ መውረጃው አዙረው።

ለተማሪዎችህ ደግሞ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ሰብስብ። እርከንና ሣር ካለበት ፈፋ አንድ፣ ከሌለበት ፈፋ አንድ፣ ከባድ ዝናብ በዘነበ ቁጥር በጥንቃቄ ከዳር ሆነህ ራስህ ቅዳ፤ ልጆቹን ጎርፍ አጠገብ አታድርስ። ቀኑን ጻፉበትና ክፍል ውስጥ መስኮት ላይ ደርድሩት። በማግሥቱ አፈሩ ይዘቅጣል። ልጆቹ በማስመሪያ ይለኩት። መስከረም ላይ ጠርሙሶቹን በካርቶን አድርገህ ለአባትህና ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው፤ ከዚያም ይዘሃቸው ወደ ፎገራ ውረድ።